ባዶ እግሩን የዘፈነው ሰው፦ የሮኒ ቫን ዛንት አጭር ሕይወት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካንን የካንትሪ ዘፈን ውድድር በቴሌቪዥን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ተወዳዳሪው ሁሉ ስለ ፍቅር፣ ስለ እናትና ስለ ገጠር መንገድ ለስለስ አድርጎ ሲዘፍን ያመሽና አንዱ ድንገት ሦስት ጊታር የሚጮህበት ዘፈን ይዞ ይወጣል። አዳራሹ ብድግ ይላል። ዳኞቹም ፊታቸው ይፈታል። ዘፈኑ ካንትሪ ነው እንዳይባል ሮክ ነው፣ ሮክ ነው እንዳይባል የገጠር ጠረን አለው። ሳውዘርን ሮክ ይሉታል፤ የደቡብ ሮክ እንደማለት ነው። የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ልጆች ብሉዝን፣ ካንትሪንና ሮክን አንድ ድስት ውስጥ ጨምረው የሠሩት ወጥ ነው።

ከ2003 እስከ 2008 እንደተላለፈው «ናሽቪል ስታር» ባሉ ውድድሮች (ሚራንዳ ላምበርት ሦስተኛ ወጥታ ኋላ ላይ ከአሸናፊው በላይ የገነነችበት ነው) ይህ ሙዚቃ ለተወዳዳሪ አሪፍ መውጫ በር ነው። የካንትሪ አድማጩን ሳያስቀይም ጉልበቱን ያሳይበታል። የካንትሪ ውድድር ባይሆንም «አሜሪካን አይዶል» ላይም ታይቷል። በ2005 ፍጻሜ ላይ ፀጉሩን ያስረዘመው የአላባማ ልጅ ቦ ባይስ ከሌነርድ ስኪነርድ ባንድ ጋር ቆሞ «ስዊት ሆም አላባማ»ን ተጫወተ። ውድድሩን ያሸነፈችው ግን ካሪ አንደርዉድ ነበረች።

ያን ቀን መድረኩ ላይ ያልነበረው የዘፈኑ ባለቤት ነው። ከዚያ ምሽት 28 ዓመት ቀድሞ ነዳጅ በጨረሰ አውሮፕላን ሚሲሲፒ ጫካ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ዕድሜው 29 ነበር። ስሙ ሮኒ ቫን ዛንት ይባላል።

ሮኒ የተወለደው ጃንዋሪ 15 ቀን 1948 በፍሎሪዳ ግዛት ጃክሰንቪል ከተማ ነው። አባቱ ሌሲ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ያደጉበት የከተማዋ ምዕራብ ክፍል የላብ አደሮች ሰፈር ነው፤ ሰዉ በቡጢም በቀልድም የማይሰንፍበት። ከቤቱ ሦስት ዘፋኞች ወጥተዋል። ዶኒ የተባለው ታናሽ ወንድሙ ኋላ ሠርቲ ኤይት ስፔሻል የሚባለውን ባንድ መሠረተ፤ የመጨረሻው ታናሽ ጆኒም አሁን ድረስ ይዘፍናል። ወደ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጅ ሳለ የሮኒ ሕልም ሙዚቃ አልነበረም። ቤዝቦል ነበር። ቦክስም ይወድ ነበር። የሚገርመው ወደ ሙዚቃ ያስገባችውም የቤዝቦል ኳስ ናት። በ1964 ክረምት በአንድ ጨዋታ ላይ ሮኒ የመታት ኳስ ቦብ በርንስ የሚባል ልጅ ላይ አረፈች። ልጁ ክፉኛ እንዳልተጎዳ ሲታወቅ ሮኒ፣ በርንስና ጋሪ ሮሲንግተን ወሬ ጀመሩ፤ ለካ ሁለቱ ልጆች መሣሪያ አላቸው። ዕለቱን የበርንስ ቤት መኪና ማቆሚያ ሥር ተሰብስበው የሮሊንግ ስቶንስን ዘፈን ሞከሩ። ብዙም ሳይቆይ ጊታሪስቱ አለን ኮሊንስ ተጨመረ። ከልጆቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሮኒ ነበርና አለቃው ማን እንደሆነ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ በቃ ታወቀ።

የባንዱ ስም የመጣው ደግሞ ከትምህርት ቤት ጸብ ነው። በሮበርት ኢ ሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌነርድ ስኪነር የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። የወንድ ልጅ ፀጉር ከአንገትጌ እንዳይወርድ የሚለውን የትምህርት ቤቱን ሕግ አጥብቀው ያስከብሩ ነበር። ጋሪ በፀጉሩ ምክንያት እየተመላለሰ ይቀጣ ነበር። ልጆቹ ሌላ ስም ከቀያየሩ በኋላ በ1969 አካባቢ ለቀልድ ብለው ባንዳቸውን በመምህሩ ስም ጠሩት፤ ቆየት ብለው አጻጻፉን አጣመሙትና በዚያው ጸና። ስኪነር ጥቂት ቅር ቢሰኙም ኋላ ከባንዱ ጋር ታርቀው ጃክሰንቪል ውስጥ መድረክ ላይ ወጥተው አስተዋውቀዋቸዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2010፣ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚሁ ቀልድ ነው።

አሁን ተወዳዳሪዎቹ ቢያዩት ደስ የሚለኝ ነገር። ከጃክሰንቪል ወጣ ብሎ ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ አካባቢ ባንዱ የተከራያት አንዲት ጎጆ ነበረች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ማቀዝቀዣ የላትም። የፍሎሪዳ የበጋ ሙቀት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ልጆቹ የገሃነም ቤት ብለው ሰየሟት። ሮኒ ጠዋት በማለዳ በየቤታቸው እየዞረ ይለቅማቸውና እስኪመሽ ድረስ ያለማምዳቸው ነበር። አንድ ዘፈን እያንዳንዷ ኖታ በቃል እስክትያዝ ድረስ ይደጋገማል። መድረክ ላይ ደስ ሲለኝ እንዲህ አደርጋለሁ የሚባል ነገር የለም፤ ነጻ የሚመስሉት የጊታር ጩኸቶች እንኳ በልምምድ የተቆረጡ ናቸው። ሰው እንደ ሰከረ ሙዚቃ ይሰማዋል እንጂ ነገሩ እንደ ጦር ሠራዊት ነበር።

ሮኒ ራሱ ግጥሞቹን ወረቀት ላይ አይጽፍም ነበር። ጊታሪስቶቹ አንድ ነገር ደጋግመው ሲጫወቱ ጥጉን ይዞ ያዳምጣል፣ ቃሉን ጭንቅላቱ ውስጥ ይደረድራል፣ ከዚያ ተነስቶ ይዘፍነዋል። የሚረሳ ግጥም ከሆነ መጀመሪያም አይረባም የሚል እምነት ነበረው። «ፍሪ በርድ»ን ውሰዱ። አለን ኮሊንስ የዘፈኑን ቅንብር ይዞት ብዙ ቆይቷል። ሮኒ ቅንብሩ ይቀያየርብኛል፣ ቃል አይገባበትም እያለ ሲገፋው ነበር። አንድ ቀን ግን አለንን ደጋግመህ ተጫወት አለውና በደቂቃዎች ውስጥ ግጥሙ አለቀ።

የዚያው ዘፈን የፒያኖ መግቢያ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቢሊ ፓወል የባንዱ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ሳጥን ያወርዳል፣ ገመድ ይዘረጋል። በ1972 አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች ጭፈራ ላይ ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃ ሲሰበስቡ ፒያኖ አየና ተቀምጦ ለ«ፍሪ በርድ» እሱ ያዘጋጀውን መግቢያ ነካካው። ሮኒ ደነገጠ። ይህን ያህል ጊዜ አብሮን ሲሠራ ፒያኖ እንደሚችል እንዴት አናውቅም? ወዲያው ተሸካሚነቱ ቀርቶ አባል ሆነ።

ያኔ ባንዱ አላባማ ውስጥ መስል ሾልስ ሄዶ ቀርጾ ነበር፤ የሚገዛቸው ግን ጠፋ። ዕድሉ የመጣው በ1972 አትላንታ ውስጥ ነው። አል ኩፐር የሚባለው ሙዚቀኛና ፕሮዲዩሰር በአንድ ክለብ ውስጥ ሲጫወቱ ሰማቸውና ማታ ማታ እየተመላለሰ አያቸው። ድርድሩ ገና ሳያልቅ የባንዱ መኪና ተሰብሮ መሣሪያቸው ተሰረቀ። ሮኒ ለኩፐር ደወለና 5,000 ዶላር ብድር ጠየቀ። ኩፐር ያለ ብዙ ጥያቄ ላከ። ሮኒም በዚያ ብር ባንዱን ገዝተኸዋል አለው፤ ቃሉንም አላጠፈም።

የመጀመሪያው አልበም ኦገስት 1973 ወጣ። «ሲምፕል ማን»፣ «ጊሚ ስሪ ስቴፕስ»፣ «ቱስዴይስ ጎን»፣ መጨረሻ ላይ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ፍሪ በርድ»። አንድ ጀማሪ ባንድ እነዚህን በአንድ አልበም? እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «ሲምፕል ማን» እናት ለልጇ የምትመክረው ዘፈን ነው። ኩፐር ዘፈኑን አልወደደውም፤ አልበሙ ውስጥ አይገባም ብሎ ነበር። ጊታሪስቱ ኤድ ኪንግ ሲያወራ ሮኒ ኩፐርን በትህትና መኪናው ድረስ ሸኝቶ በሩን ከፈተለት፣ ቀርጸን ስንጨርስ እንጠራሃለን ብሎ ዘጋበት። ዘፈኑም ተቀረጸ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዞቹ ዘ ሁ ባንድ አሜሪካን ሲዞር መድረክ አሟቂ ሆነው ተመረጡ። ክለብ ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች በአንዴ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ገቡ። ዋናውን ባንድ ሊያይ የመጣ ሕዝብ አሟቂውን ይደገም ማለት ጀመረ።

መድረክ ላይ ሮኒን ብታዩት ምንም አያደርግም። አይዘልም፣ አይንበረከክም። ጥቁር ባርኔጣውን አድርጎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ ማይኩን ይዞ ይቆማል። ድምፁም እንደ ካሪ አንደርዉድ ጣሪያ የሚነካ አይደለም። ተረት እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። የቴሌቪዥን ተወዳዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዘፈኑ ጯሂ ስለሆነ እነሱም ይጮሃሉ። ሮኒ እኮ ጩኸቱን ለጊታሮቹ ትቶ ነበር።

በ1974 ሁለተኛው አልበም ወጣ፤ «ስዊት ሆም አላባማ»ም ከእሱ ጋር። በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ነገሩ ያለው እዚህ ዘፈን ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

መጀመሪያ ደራሲዎቹ ውስጥ አንድም የአላባማ ሰው የለም። ሮኒና ጋሪ ከፍሎሪዳ ናቸው፣ ኤድ ኪንግ ከካሊፎርኒያ፤ የተቀረጸው ጆርጂያ ውስጥ ነው። ዘፈኑ መልስ ነበር። ካናዳዊው ኒል ያንግ «ሳውዘርን ማን» እና «አላባማ» በሚሉ ዘፈኖቹ የደቡቡን ዘረኝነት ወቅሶ ነበር። ሮኒ የተሰማው ጥቂቶች ባጠፉት ሁላችንም ተሰደብን የሚል ነው። ስሙን ጠርቶ መለሰለት። ሰዎች ግን ተጣልተዋል ብለው አሰቡ። ሮኒ የኒል ያንግ አድናቂ ነበር፤ በመጨረሻው አልበማቸው ሽፋን ላይ እንኳ የኒል ያንግን ካናቴራ ለብሶ ይታያል። ያንግም ዘፈኑን ወዶታል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የራሱ ዘፈን ከላይ ሆኖ የሚፈርድ እንደነበረና ምላሹ እንደሚገባው አምኗል።

የዘፈኑ ከባድ ቦታ ሌላ ነው። ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ይኑሩ በሚል አቋሙ የታወቀውን የአላባማ ገዢ ጆርጅ ዋላስን ሕዝቡ እንደሚወደው የሚጠቅስ ስንኝ አለ፤ ከኋላ ደግሞ የተቃውሞ ጩኸት የሚያሰሙ ተቀባዮች አሉ። ሮኒ ሰው ስንኙን ይሰማል፣ ጩኸቱን ግን አያስተውልም እያለ ያማርር ነበር። ባንዱ ግን ያን ጊዜ የባሪያ አሳዳሪዎቹን ደቡብ ባንዲራ ከኋላው ሰቅሎ ይጫወት ነበር። አባላቱ ኋላ ላይ ነገሩ የአሳታሚው ድርጅት የማስታወቂያ ብልሃት ነው ብለዋል። ይሁን። ሰቅለውት ግን ለዓመታት ከሥሩ ቆመዋል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ያን ባንዲራ ያየ ጥቁር አድማጭ የተቃውሞ ድምፅ ከኋላ አለ ተብሎ ሊጽናና አይችልም።

ሮኒን ግን በዚህ ብቻ መዝጋትም ልክ አይሆንም። እዚያው አልበም ውስጥ «ዘ ባላድ ኦፍ ከርቲስ ሎው» የሚል ዘፈን አለ። አንድ ነጭ ልጅ ባዶ ጠርሙስ እየለቀመ ሸጦ ሳንቲሙን ለአንድ ሽማግሌ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ይሰጣል፤ የመንደሩ ሰው ግን ሽማግሌውን ዋጋ ቢስ አድርጎ ያየዋል። ሲሞትም የሚያለቅስለት ይጠፋል። በ1975 ደግሞ «ሳተርዴይ ናይት ስፔሻል» የሚል ዘፈን አወጣ፤ ርካሽ ሽጉጥ ሰው ከመግደል ውጭ ጥቅም የለውምና ባሕር ውስጥ ጣሉት የሚል መልእክት ያለው። በደቡብ አሜሪካ፣ ያኔ፣ በዚያ አድማጭ ፊት። ባንዲራውን የሚወዱት ሰዎች ይህን ዘፈን ሲሰሙ ምን ይሉ እንደነበር ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ጸባዩስ? መልአክ አልነበረም። ሲጠጣ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ቡጢው ቅርብ ነው። የቢሊ ፓወልን ጥርስ አውልቋል። በዓመት ውስጥ ማለቂያ የሌለው ጉዞ፣ መጠጥና ዕፅ ባንዱን አደከመው። ከበሮ መቺው ቦብ በርንስ አልቻለም፣ ወጣ፤ አርቲመስ ፓይል ተተካ። ኤድ ኪንግም በ1975 ጉዞ መካከል አንድ ሌሊት ጥሎ ሄደ።

በ1976 ነገሮች ተቃኑ። ስቲቭ ጌንስ የሚባል ወጣት ጊታሪስት ገባ፤ እህቱ ካሲ ጌንስ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ጁላይ ላይ አትላንታ ውስጥ ሊፈርስ የነበረውን ፎክስ ቴአትር ለማዳን ተጫወቱ፣ የመድረክ አልበማቸውም እዚያ ተቀረጸ። ቴአትሩ ዛሬም ቆሟል። ኦገስት ላይ እንግሊዝ ኔብወርዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ከሮሊንግ ስቶንስ በፊት ወጡ። በበርንስ መኪና ማቆሚያ ሥር ዘፈናቸውን የሞከሩላቸው ሮሊንግ ስቶንስ!

በዚያው ዓመት ሮኒ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ መጠጡን መቀነስ ጀመረ። ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበርና ጊዜ ሲያገኝ ውኃ ዳር ነበር የሚውለው። ጋሪ ሮሲንግተን ግን ሰክሮና ዕፅ ወስዶ መኪናውን ዛፍ ጋር አጋጨ፤ ለጥቂት ተረፈ። ሮኒ ተናደደ። ንዴቱን «ዛት ስሜል» የሚል ዘፈን አደረገው፤ በዚህ ከቀጠልክ የሞት ሽታ ዙሪያህን ከቦሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ለገዛ ጓደኛው። ዘፈኑ ላይ ጊታር የሚጫወተው ራሱ ጋሪ ነው።

ማስጠንቀቂያው ግን ለመኪና ነበር እንጂ ለአውሮፕላን አልነበረም።

ባንዱ የሚጓዝበት አውሮፕላን ኮንቬየር 240 የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ያገለገለ ነበር። ከእነሱ በፊት የኤሮስሚዝ ሰዎች መርምረው አውሮፕላኑም አብራሪዎቹም አይሆኑንም ብለው ትተውታል። አደጋው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ከቀኝ ሞተር እሳት ሲወጣ ታይቷል። ካሲ ጌንስ ፈርታ ዕቃ በሚጭነው መኪና ልሂድ ብላ ነበር፤ አግባብተው አሳፈሯት። ከዚህ ጉዞ በኋላ አውሮፕላኑን ሊተዉት ተስማምተው ነበር። አንድ በረራ ብቻ።

ኦክቶበር 20 ቀን 1977 ከሳውዝ ካሮላይና ግሪንቪል ተነስተው ወደ ሉዊዚያና ባተን ሩዥ በረሩ። አዲሱ አልበም «ስትሪት ሰርቫይቨርስ» ከወጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። 26 ሰዎች ተሳፍረዋል። ቀኑ ሊመሽ ሲል ሞተሮቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። ነዳጅ አልቋል። አብራሪዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ ማክኮም ወደሚገኘው ማረፊያ ሊዞሩ ሞከሩ፣ አልደረሱም። አውሮፕላኑ ጊልስበርግ አቅራቢያ ያለውን ጫካ ዛፍ እየቆረጠ ገባ። ነዳጅ ስላልነበረ ቃጠሎ አልነበረም፤ ከሞት የተረፉትን ያተረፋቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሮኒ ቫን ዛንት፣ ስቲቭ ጌንስ፣ ካሲ ጌንስ፣ ረዳት የጉዞ ኃላፊው ዲን ኪልፓትሪክና ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። አርቲመስ ፓይል የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ረግረጉን አቋርጦ እርዳታ ሊጠራ ሄደ። የአካባቢው ሰዎችም በጨለማ ጭቃ ውስጥ እየገቡ ቁስለኞቹን አወጡ።

መርማሪዎቹ በ1978 ያወጡት ሪፖርት ዋናውን ጥፋት በአብራሪዎቹ ላይ ጣለ፤ ነዳጁን በትኩረት አልተከታተሉም። የቀኙ ሞተርም ችግር ነበረበት፣ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይበላ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ስንት ዘፈን እንደነበረ የማይታወቅ ሰው፣ አንድም ወረቀት ላይ አልጻፈምና፣ ይዞት ሄደ።

የአልበሙ ሽፋን ላይ ባንዱ በእሳት ነበልባል መካከል ቆሞ ይታይ ነበር። ድርጅቱ ከአደጋው በኋላ ሽፋኑን ቀየረው። እነዚያ መጀመሪያ የወጡት ሸክላዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ናቸው።

ሮኒ የኒል ያንግን ካናቴራ ለብሶ ነው የተቀበረው የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል። በ2000 ያልታወቁ ሰዎች መቃብሩን ሰበሩት፤ ቤተሰቡም አስከሬኑን ወደ ሌላ የጃክሰንቪል መቃብር አዛወረ።

የተረፉት አባላት ለአሥር ዓመት በዚህ ስም አልተጫወቱም። በ1987 መታሰቢያ ጉዞ ሲያደርጉ ማይኩን የያዘው ታናሹ ጆኒ ነበር፤ አዎ፣ ያ ወደ እሱ እመለሳለሁ ያልኳችሁ። የወንድሙን ዘፈኖች ሁሉ ዘፈነ። «ፍሪ በርድ» ላይ ሲደርስ ግን አልቻለም። ባንዱ ዘፈኑን ያለ ዘፋኝ ተጫወተው። ጆኒ ወደ ጎን ወጣ፣ መሃል ላይ የማይክ ዘንግ ብቻውን ቆመ፣ አናቱ ላይ የሮኒ ዓይነት ጥቁር ባርኔጣ ተደርጎበት። ግጥሙን የሞላው ከታች የቆመው ሕዝብ ነበር።